ሙቀት ልለካ ወይስ ብርሃን? አይቲሲ እና ኤስፒአር

መድኃኒት ፕሮቲን ላይ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚጣበቅ የሚነግረን ቁጥር ኬዲ ይባላል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ትስስሩ ይጠብቃል። ለመለካት በብዛት የሚመረጡት አይቲሲ (ITC) እና ኤስፒአር (SPR) የሚባሉ ሁለት ዘዴዎች ናቸው።

አይቲሲ የሚለካው ሙቀት ነው። ፕሮቲኑ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል፤ መድኃኒቱ በመርፌ ጥቂት ማይክሮሊትር እየሆነ ይገባበታል። በየጠብታው የወጣው ወይም የገባው ሙቀት ይመዘገባል። ፕሮቲኑን የትም መለጠፍ አያስፈልግም። ከኬዲው ጋር ኤንታልፒውንም (ሲያያዙ የሚወጣውን ወይም የሚገባውን የሙቀት መጠን)፣ ስንቱ ለስንት እንደሚያያዝም ይነግርዎታል። ግን ፕሮቲን ይበላል፤ ጊዜም ይፈጃል። ደግሞ መድኃኒቱ የሚሟሟበት ፈሳሽ፣ ዲኤምኤስኦ አለ! መጠኑ በመርፌውና በዕቃው ውስጥ ትንሽ ከተለያየ፣ የመቀላቀሉ ሙቀት እውነተኛውን ምልክት ይውጠዋል።

ኤስፒአር ፕሮቲኑን በወርቅ የተለበጠ ቺፕ ላይ ያስራል። መድኃኒቱ በላዩ ሲፈስና ሲያያዝ የሚንጸባረቀው ብርሃን የሚደክምበት አንግል ይለወጣል፤ ስክሪኑ ላይ ኩርባ ይወጣል። መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ (ባፈር) ብቻ ሲፈስ መድኃኒቱ እየለቀቀ ኩርባው ይወርዳል። ለእኔ ቁም ነገሩ ይሄ አወራረድ ነው። ኬዲያቸው እኩል ከሆኑ ሁለት ሞለኪውሎች አንዱ ቶሎ ገብቶ ቶሎ ይወጣል፤ ሌላው ቀስ ብሎ ገብቶ ለሰዓታት ይቆያል። አይቲሲ በተለመደው አሠራሩ ይህን ልዩነት አያሳይም።

የኤስፒአር ጣጣው ማሰሩ ላይ ነው። ፕሮቲኑ ሲታሰር ቅርጹ ከተበላሸ፣ ኩርባው አምሮ ቁጥሩ ውሸት ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሞለኪውል ለማጣራት ኤስፒአርን እመርጣለሁ። የተረፉትን ጥቂቶች አይቲሲ ላይ አረጋግጣለሁ፣ ፕሮቲኑ ከበቃ።