መብራት ሲሄድ አብሮ የማይሄድ ላፕቶፕ፦ ቲ480 ከ14 ወር በኋላ

ሥራዬ ጽሕፈት ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ሲቪ እሠራለሁ፣ የሰርግ ጥሪ አሳምራለሁ። ግንቦት ሲገባ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ደጄን ይሞሉታል። ላለፉት 14 ወራት ይህን ሁሉ የሠራሁት ዩዝድ በገዛሁት ቲንክፓድ ቲ480 ነው። ስለሱ ልጽፍ ስቀመጥ ግን ከሱ በፊት ያለፉት ሁሉ ትዝ አሉኝ። እነሱን ሳላነሣ ይኼን ለምን እንደወደድኩት ማስረዳት አልችልም።

የመጀመሪያዬ በ1998 ዓ.ም. የገዛሁት ፔንቲየም 4 ዴስክቶፕ ነበር። ራሙ 256 ሜጋ ባይት፣ ሃርድ ዲስኩ 40 ጊጋ። ከፊቱ ሁለት ሰው የሚሸከመው የሚመስል ባለ 17 ኢንች ሞኒተር ተጎልቷል። ፕሮሰሰሩ ፕሬስኮት ከሚባሉት ወገን ነው፤ እነዚያ ደግሞ በሙቀታቸው የታወቁ ናቸው። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ በዚህ ያማርሩ ነበር። እኔ ምን አማርራለሁ? እዚህ ከፍታው 2,840 ሜትር አካባቢ ነው። በታኅሣሥ ጠዋት ጣቶቼ አልታዘዝ ሲሉኝ ከሲፒዩው ኋላ በሚወጣው ትኩስ አየር አሟሙቄ ነው ሥራ የምጀምረው።

ሞኒተሩማ ምድጃ ነበር። አንድ ቀን ማመልከቻ ሊያስጽፉ የመጡ እናት ወንበራቸውን ወደ ሞኒተሩ ጀርባ ጎትተው ተቀመጡ። “እማማ፣ በዚህ በኩል ይሁኑ፣ ጽሑፉን ያዩታል” አልኳቸው። “ተወኝ ልጄ፣ አንተ እይልኝ፣ ጀርባው ይሞቃል” አሉኝ።

ችግሩ መብራት ነው። ዩፒኤሱ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባለ ባትሪ ሳጥን፣ ጢጥ ጢጥ እያለ አምስት ደቂቃ ቢሰጠኝ ነው። እሱም ባትሪው አዲስ በነበረ ጊዜ። ኋላ ላይ ጢጥታው ብቻ ቀረ። አንዴ ሦስት ገጽ የፍርድ ቤት አቤቱታ ጽፌ፣ ባለጉዳዩ ከጎኔ ቆሞ፣ ሳላስቀምጠው ድርግም አለ። ሰውዬው ምንም አልተናገረም። ጋቢውን አጣፍቶ እንደገና ከመጀመሪያው ይተርክልኝ ጀመር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእያንዳንዱ አራት ነጥብ በኋላ ጣቶቼ ራሳቸው ኮንትሮል ኤስን፣ የማስቀመጫውን ቁልፍ፣ ይመታሉ። ዛሬም፣ በስልክ መልእክት ስጽፍ እንኳ፣ ግራ እጄ ይንቀሳቀሳል።

ፍሎፒ ዲስክን አልናፍቅም። 1.44 ሜጋ ባይት ነበር የሚይዘው፤ አንድ የሞባይል ፎቶ ዛሬ አይገባበትም። የያኔውን የአማርኛ ፊደልም አልናፍቅም። እኔ የምጽፍበት ፊደል ዩኒኮድ፣ ማለትም ሁሉም ኮምፒውተር በጋራ የሚያነበው ዓይነት፣ ስላልነበረ፣ እዚህ የጻፍኩት ማመልከቻ ፊደሉ ያልተጫነበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይፈታ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ሰዉ ታዲያ “ያበላሸኸው አንተ ነህ” ይለኛል።

የምናፍቀው፣ እንዲያውም ገና ያልተለየሁት፣ ሌዘርጄት 1020 ፕሪንተሬን ነው። ትንሽ፣ ድምፀ ጎርናና፣ 12ኤ የሚባለውን ካርትሪጅ የሚበላ። ቶነሩን ስንቴ እንዳስሞላሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ይኼንን እዚህ የማነሣው አንድ ነገር ለማስጠንቀቅም ነው፦ ሌዘር ፕሪንተርን ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ። ወረቀቱ ላይ ቀለሙን የሚያቀልጠው ክፍል ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ብዙ ነው፤ ዩፒኤሱ ይጮኻል፣ ከዚያ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የገባኝ።

በ2002 ዓ.ም. አሜሪካ የነበረ የአክስቴ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ ቲንክፓድ ቲ42 ይዞልኝ መጣ። በፈረንጆች 2004 የወጣ ነው። ያኔ ስሙ ገና አይቢኤም ነበር፤ ዛሬ ቲንክፓድን የሚሠራው ሌኖቮ የአይቢኤምን የግል ኮምፒውተር ክፍል የገዛው በ2005 ነው። ልቤን የወሰደው ፕሮሰሰሩ አልነበረም። ክዳኑ አናት ላይ ያለች አንዲት ትንሽ መብራት ናት። ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫኑ ኪቦርዱ ላይ ብርሃን ታፈሳለች። ከተማው ጨልሞ፣ እኔ በባትሪ፣ በዚያች መብራት ስጽፍ አስቡት። ደንበኞቼ ሻማውን ትተው ወደኔ ይጠጉ ነበር። ልጆች ደግሞ ኪቦርዱ መሐል ላይ ያለችውን፣ ጠቋሚውን የምታንቀሳቅሰውን ቀይ ነጥብ ለመንቀል ይታገላሉ። ቲ42ውን ያጠፋሁት እኔው ነኝ። ከሸዋ ሮቢት ስመለስ አውቶቡሱ ጣርማ በርን ሲወጣ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ቦርሳው ተንሸራቶ ወረደ። ቦርሳው ውስጥ ለቤት የገዛሁት ማንጎም ነበር። ከዚህ በላይ አልተርክም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሌሎች ላፕቶፖች አለፉ። ቀጭን ነበሩ፣ ያምሩ ነበር፣ ባትሪያቸው ውስጥ የተቀበረ ነው። ስለነሱ የምለው ይኼው ነው።

አሁን ወደ ቲ480። በፈረንጆች 2018 የወጣ ነው። የኔው ኮር አይ5 ስምንተኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ማስቀመጫ) ሆኖ ነው የመጣው። ዋጋውን አልጽፍም፤ ዛሬ ብጽፈው ነገ ውሸት ይሆናል።

ዋናው ነገር ባትሪው ነው። ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ 24 ዋት ሰዓት የሚይዝ፣ ውስጥ የሚቀመጥ። ሌላው ከታች በሁለት መቆለፊያ የሚነቀል፤ ትልቁ ዓይነት 72 ዋት ሰዓት ይይዛል። ላፕቶፑ መጀመሪያ የውጪውን ነው የሚበላው፣ የውስጡን ያቆየዋል። ስለዚህ የውጪው ሲያልቅ ሳላጠፋው፣ ጽሑፉ እንደተከፈተ፣ ነቅዬ ሌላ እሰካለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስነቅለው ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስከፍት ጠቋሚው እዚያው ቃል ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። መብራት ሄዶ ግማሽ ቀን ሲቀር እጽፋለሁ፣ የሚታተመውን በተራ አስቀምጣለሁ፣ መብራት ሲመጣ 1020ው ይጎረንናል። ባለፈው ግንቦት የአንድም ተማሪ ገጽ አልጠፋብኝም።

እርግጥ ባትሪ ሲገዛ መታለል አለ። ሁለተኛውን ባትሪ “ኦሪጅናል ነው፣ 72 ነው” ብለው ሸጡልኝ። ተለጣፊው ላይም 72 ይላል። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ሲፈበረክ የነበረውን አቅምና ዛሬ ሞልቶ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። ባወጣው የኔው ግማሹን እንኳ አይዝም። ደረሰኝ አልነበረኝም፣ ተከራክሬ ሲሶውን ነው ያስመለስኩት። ሪፖርቱን እዚያው ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ አውጡ። እቤት ከደረሳችሁ በኋላ ማንም አያውቃችሁም።

ብርዱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ማድረግ ደግሞ ይጎዳዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ የሚያድርበት አገር ነው ያለነው። ቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ያደረ ባትሪ ጠዋት እንደ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ ባትሪውን ነቅዬ ከጋቢዬ ጋር ጠቅልዬ ወደ ቤት እወስደዋለሁ። ባለቤቴ “ሁለተኛ ልጅህ ተኛ?” ትለኛለች።

ኤስኤስዲውን የወደድኩት በፍጥነቱ ብቻ አይደለም። የድሮው ሃርድ ዲስክ ማንበቢያው ራሱ በሚሽከረከረው ሳህን ላይ አይነካም፤ በስስ የአየር ንብርብር ላይ ይንሳፈፋል። አየር ሲሳሳ መንሳፈፊያው ይሳሳል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ሃርድ ዲስኮች የሚሠሩበት ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ተብሎ የተወሰነው። ደብረ ብርሃን ከዚያ ወሰን በታች ለጥቂት ነው የተረፈችው። ጣርማ በርም ጓሳም ያልፉታል። ከመንዝ በኩል ሃርድ ዲስካቸው “ቀጭ ቀጭ” እያለ የሚመጡ ላፕቶፖች አይቻለሁ። ከፍታው ነው ብዬ አልምልም፤ አቧራውም አለ፣ የመንገዱ መንገጫገጭም አለ። ኤስኤስዲ ግን የሚንሳፈፍ ነገር የለውም። ጓሳ ይዤው ሄጄ ሠርቼበታለሁ።

ኪቦርዱን በሥራዬ ነው የመዘንኩት። በድምፅ አጻጻፍ አማርኛ ስትጽፉ አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል፤ ተነባቢው አንድ፣ አናባቢው አንድ። ስለዚህ የኛ ኪቦርድ ከእንግሊዝኛው ቀድሞ ነው የሚያልቀው። ከ14 ወር በኋላ የአናባቢዎቹ ቁልፎች እንደ ቅቤ አብረቅርቀዋል፣ ግን አንዱም አልላላም። የቲ42ው ጠለቅ ያለ ነበር፤ እሱን የሚተካ የለም። ያቺ የክዳን መብራትም ቀርታለች። የኔው በምትኳ ከቁልፎቹ ሥር የሚበራ ብርሃን አለው። ጥሩ ነው። ግን ወረቀቱን አያበራልኝም፤ እኔ ደግሞ ከወረቀት ነው የምገለብጠው።

ስክሪኑ ደካማ ጎኑ ነው። የኔው ዓይነት ድምቀቱ 250 ኒት ነው፤ ሱቅ ውስጥ ይበቃል፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ግን የማየው የራሴን ጢም ነው።

ሲከፈት ደስ ይላል። ሥሩ ላይ ያሉት ብሎኖች ጥቂት ናቸው፣ ሲፈቱም ከክዳኑ አይወጡም፤ መሬት ተንበርክኮ መፈለግ የለም። ከመክፈታችሁ በፊት ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሣ የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ) ገብታችሁ የውስጡን ባትሪ አሰናክሉ። ሁለት የራም ቦታ አለው፤ አንዱ ባዶ ስለነበር ሌላ 8 ጊጋ ራሴ ጨመርኩበት። ካቻቢቴ ብቻ ነው የፈጀው። በፔንቲየሙ ጊዜ ራም አውጥቼ ጫፉን በላጲስ አሽቼ እመልስ ነበር፤ ሲነሣልኝ ሐኪም የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ያ ስሜት ተመልሷል። ዩዝድ የምትገዙ ከሆነ ቻርጀር የሚሰካበትን የታይፕ ሲ ቀዳዳ አስቀድማችሁ ፈትሹ። የቆየ የተንደርቦልት ፈርምዌር፣ ማለትም ቀዳዳውን የሚቆጣጠረው ውስጣዊ ፕሮግራም፣ ይህን ቀዳዳ እንደሚያበላሸው የታወቀ ነው፤ አምራቹም ማስተካከያ አውጥቶለታል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ነው የጫንኩት። ዊንዶውስ 11ንም በደንብ ተቀብሏል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በኩል፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በይፋ ከሚፈቀዱት መነሻው ይኸው ስምንተኛው ትውልድ ነው።

አብራኝ ለምትሠራው ልጅ ሁለተኛ ቲ480 እየፈለግኩ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ደላላ ቲ490 ይዞልኝ መጣ። “ጋሼ፣ ይኼ እኮ ከዚያኛው በአንድ ዓመት ዘግይቶ የወጣ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ዋጋውም ያው” አለኝ። ተቀብዬ ገለበጥኩት። መቆለፊያ የለውም፤ ባትሪው ውስጥ ነው። አንዱ ራም ቦርዱ ላይ የተበየደ መሆኑንም አውቃለሁ። “ሌላ ካገኘህ ደውልልኝ” ብዬ መለስኩለት።