ለመተማ ሙቀት የቱ ይሻላል? የበረዶ ሰደርያ፣ ባለ ቱቦው ወይስ ባለ ማራገቢያው ጃኬት

መጋቢት በገባ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ የሰሊጥ እርሻ ተቆጣጣሪው፣ ቆላ የተመደበው ወታደር የአጎቴ ልጅ፣ ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ያ የሚያቀዘቅዘው ልብስ የቱ ይሻላል?» ጎንደር ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ስለምጠግን አዋቂ መስያቸዋለሁ። ያወቅሁት ግን ተሸውጄ ነው።

አምና የበረዶ ሰደርያ ገዛሁ፤ 8,500 ብር። ሻጩ ከ11,000 ጀምሮ «ለአንተ ስለሆነ ነው» እያለ ወረደልኝ። ሱቁ ውስጥ ለብሼ ስሞክረው ብርዱ አጥንት ድረስ ዘለቀ። ምን ዋጋ አለው? ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። እዚህ ሸሚዝ አውልቆ መቆምም ያቀዘቅዛል። ልብሱ የሚፈተነው በመተማ መንገድ ነጋዴ ባሕር የምትባለውን ከተማ አልፈው ቁልቁል ሲወርዱ ነው።

ሰደርያው ግማሽ ግማሽ ኪሎ የሚሆኑ አራት የጄል ጥቅሎች አሉት። ሌሊቱን ሙሉ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሬያቸው ገንዳ ውኃ ስንደርስ ሟሙተው ለብ ብለዋል። እንደገና የት ይቀዝቅዙ? አንዲት ግሮሰሪ ገብቼ ባለቤቷን ለመንኳት። «ቢራዬን አውጥቼ የአንተን ላስቲክ ላስገባልህ?» አለችኝ። በ100 ብር ተስማማን። ከዚያ መብራት ጠፋ።

ነገሩ በቁጥርም አያዋጣም። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት 334 ኪሎ ጁል አካባቢ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ግን 2,400 ገደማ ይዞ ይሄዳል። ሰባት ኪሎ በረዶ ማለት ነው፣ ያውም በነፃ። በዚያ ላይ በጣም የቀዘቀዘ ነገር በቀጥታ ቆዳ ላይ ሲያርፍ የደም ሥሮች ይኮማተራሉ። ላይ ላዩን ይበርዳችኋል፣ የውስጡ ሙቀት ግን መውጣት ይከብደዋል።

ባለ ቱቦው ስሙ ትልቅ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዞች ፋርንቦሮ በሚባለው የአቪዬሽን ምርምር ጣቢያቸው ለአብራሪዎች የሠሩት ሐሳብ ነው፤ ጨረቃ ላይ የወረዱትም ውሃ የሚዘዋወርበት ልብስ ለብሰው ነበር። የአሜሪካ ጦርም ናቲክ በሚባለው የምርምር ማዕከሉ ለሄሊኮፕተር ሠራተኞች አዘጋጅቶታል። እዚያ የሚያዋጣው ኃይሉን ሄሊኮፕተሩ ስለሚሰጥ ነው። እኛ ገበያ የሚመጣው በጀርባ የሚታዘል የበረዶ ውሃ ከረጢት፣ ትንሽ ፓምፕና ቀጭን ቱቦ ነው። ለጥገና ሦስት መጥተውልኛል፣ ሦስቱም መገጣጠሚያቸው ላይ ያንጠባጥቡ ነበር። አንዱን በጉሉኮስ ቱቦ ቀጥዬ መለስኩት፤ እስካሁን ይሠራል አሉ። ዋጋው 14,000 ብር፣ መለዋወጫው ደግሞ የለም። እለፉት።

እኔ የምለብሰው ባለ ማራገቢያውን ጃኬት ነው። ከወገብ በላይ ግራና ቀኝ ሁለት ማራገቢያዎች አሉት። አየር ከውጭ ይስባሉ፣ አየሩ በአንገትና በእጅጌ ይወጣል፣ መንገድ ላይ ላባችሁን ያተናል። አየሩን አያቀዘቅዘውም፤ 40 ዲግሪ ሲሆን የሚገባውም 40 ነው። ሥራውን የሚሠራው ላቡ ስለሆነ ውሃ ካልጠጣችሁ ጃኬቱ ከንቱ ነው። ከውስጥ ደግሞ የጥጥ ካናቴራ ነክራችሁ ልበሱ። ሐምሌና ነሐሴ ለአረም ለምትወርዱ ግን ልንገራችሁ፣ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ኃይሉ ይቀንሳል።

ጃኬቱን 4,200፣ ፓወር ባንኩን 2,500 ገዛሁ። ድምሩ 6,700 ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ላለው 90 ቀን አካፍሉት፤ በቀን 75 ብር አይሞላም።

2,600 የሚሉት ፎርጅዱ አለ። ሽቦው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፣ ሶኬቱ ጋ በሳምንቱ ይበጠሳል። እሱን በይጄ እመልሰዋለሁ። ማራገቢያውን ከጨርቁ ጋር የሚይዘው የፕላስቲክ ቀለበት ከተሰነጠቀ ግን አለቀለት። ስትገዙ ቀለበቱን ፈታችሁ መልሳችሁ እሰሩት፤ ከተንቋቋ ተዉት። መሰኪያውም ተራ ዩኤስቢ ይሁን። የራሱ ልዩ ባትሪ ያለውን የገዛ ሰው ባትሪው ሲሞት ጃኬቱን አብሮ ይቀብራል።

ፓወር ባንኩ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚበላው። የመጀመሪያዬ «20,000 mAh» (ሚሊአምፔር ሰዓት፣ የባትሪው አቅም) ይላል፣ ከበድ ስላለኝ አመንኩት። 40 ደቂቃ ሠርቶ ቆመ። ስከፍተው አንድ ባትሪና ከረጢት ሙሉ አሸዋ! 10 ዋት ለሚበላ ጃኬት እውነተኛ 20,000 ስድስት ሰዓት ያህል መሄድ አለበት። ሻጩ ፊት አብሩት፣ ሻይ ጠጥታችሁ፣ ቅዳሜ ገበያን ዞራችሁ ተመለሱ። የማያስሞክር ሻጭ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

የእርሻ አቧራ ማራገቢያውን ይገድላል። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በስሱ ቆርጣችሁ ማራገቢያው አየር በሚስብበት በኩል ለጥፉ፣ ማታ ማታ አራግፉት።

ለአጎቴ ልጅ ግን አትግዛ አልኩት። ጥይት መከላከያ ከላይ ሲደረብ አየሩ መሄጃ ያጣል፣ የጀርባ ሻንጣው ማራገቢያዎቹን ይሸፍናል፣ ድምፁም ሌሊት ጥበቃ ላይ ያጋልጣል። በእግር ለሚሄድ ሰው የሚጨመር እያንዳንዱ ኪሎ ራሱ ሙቀት ይወልዳል። ስለዚህ ከመከላከያው ሥር አየር የሚያስተላልፍ ወፍራም መረብ ጨርቅ እንዲያደርግ፣ እረፍት ላይ መከላከያውን ሲያወልቅም ክንዱን ውሃ ውስጥ እንዲነክር ነገርኩት። «ይኼን ለማለት ነው ወይ ሁለት ወር ያስጠበቅኸኝ?» ብሎ ተቆጣ።

የበረዶ ሰደርያው አሁንም ቤት አለ። ጄሎቹ ደህና ናቸው፣ መብራት ሲጠፋ ባለቤቴ ሥጋ ላይ ትደረድራቸዋለች። 3,000 ብር ያለው ይደውልልኝ። ለእናንተ ስለሆነ ነው።