ጀጎል ድንቅ ነው፣ ሙዚየሙ ግን ያሳዝናል

ግንበኛ ነኝ። ከድሬዳዋ በሚኒባስ ሐረር ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ግድግዳ ላይ ነው። የከተማዋን ግንብ ጀጎልን የሐረር ገዥ የነበሩት አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነቡት ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ የዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ውስጡ ገብታችሁ የልብስ ሰፊዎቹን መኪና ግርግር ስታልፉ፣ አንዱን የሐረሪ ቤት አስፈቅዳችሁ እዩ። ነደባው (ደረጃ በደረጃ ከፍ ያለው የመቀመጫ መደብ)፣ ግድግዳውን የሞላው ስፌት፣ ንጽሕናው! ቤቱ ሰው ስለሚኖርበት ይጠገናል፣ በየጊዜው ይቀባል።

ቅር ያሰኘኝ ከግንቡ ውስጥ ያለ አንድ ሙዚየም ነው። ስሙን አልጠራም፤ የሚሠሩበት ልጆች ትሑት ናቸው፣ በእጃቸው ባለው የቻሉትን ያደርጋሉ። በቆዳ የተደጎሰ ቁርኣን መጋረጃ በሌለው መስኮት ሥር ተገልጦ ተቀምጧል፤ ፀሐይ የሚያገኘው ጠርዝ ቀለሙ ነጥቷል። የብር ጌጦቹ መግለጫ ወድቆ መስታወቱ ውስጥ ተገልብጧል። መብራት ስላልነበረ አስጎብኚያችን በስልኩ እያበራልን ነው ያየነው።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ጥግ ላይ ያለው ልስን ነው። የድሮው ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ በክረምት የጠጣውን ውኃ በበጋ ይተፋል። በላዩ ሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣል። እዚያም የሆነው ይኸው ነው፦ ልስኑ አብጧል፣ ነጭ ጨው አውጥቷል፣ በጣቴ ስነካው ከሥሩ ያለው ጭቃ ረገፈ። አጠገቡ የመጻሕፍት ሣጥን ቆሟል! በጀጎል ብዙ ቤቶች ላይ ይህ ሲሚንቶ እየተለመደ መምጣቱ ያስፈራኛል።

ግዴለሽነት የግድ እንዳልሆነ ለማየት ራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ጎብኙ። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በራሳቸው ተነሳሽነት ያሰባሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞችና የተቀዱ የድሮ ዜማዎች አሉ፤ የተጎዱ መጻሕፍትም እየተጠገኑ ይደጎሳሉ። ጊዜ ሰጥታችሁ እዩት።

ለጀጎል አምስት ከአምስት፣ ለሸሪፍም እንዲሁ። ስሙን ላልጠራሁት ሁለት፣ እሱም ለቅርሶቹ ስል ነው። መስኮቱ ወፍራም መጋረጃ ይፈልጋል፤ ጥጉ ሲሚንቶው ተፍቆ በኖራ መለሰን አለበት። የሚመለከተው ክፍል ፈቅዶ ኖራውን ካቀረበ የእጄን ዋጋ አልጠይቅም።