የሌዘር ብረት መመርመሪያ በድሬ ሙቀት፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ድሬዳዋ ውስጥ የፕላስቲክ ሳህን፣ ጆግና ኩባያ የምናመርትበት አነስተኛ ወርክሾፕ አለን። አዲስ ጥሬ ዕቃም፣ ተፈጭቶ የመጣም እንገዛለን። የተፈጨው ነው የሚያሳስበው፤ እንደ እርሳስና ካድሚየም ያለ መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። የቴሌቪዥን ጀርባ ይሁን የባትሪ ሽፋን፣ ከተፈጨ በኋላ ማን ይለየዋል? በእጅ የሚያዘውን፣ ሊብስ (LIBS) የሚባለውን የሌዘር መመርመሪያ መሣሪያ የገዛነው ለዚህ ነው። ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ ከእጃችን አልተለየም።

መሣሪያው አጭር የሌዘር ምት ፕላስቲኩ ላይ ያሳርፋል። የተመታችው ነጥብ 10,000 ዲግሪ አካባቢ ግላ ተንና ታበራለች። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ የብርሃን መስመር አለው፤ እርሳስ 405.8 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) ላይ፣ ካድሚየም 508.6 ላይ ይታያል። ውጤቱ በሰከንዶች ይደርሳል። ዕቃው ላይ የምትቀረው ትንሽ ነጥብ ብቻ ናት።

ልቤን የገዛው ቀለም ላይ ነው። አንዴ ዋጋው ረከስ ያለ ደማቅ ቢጫ ቀለም ለናሙና መጣልን። ስንመታው የእርሳሱ መስመር ብድግ አለ። ወዲያው ደግሞ 425.4፣ 427.5 እና 429.0 ላይ ሦስት የክሮምየም መስመሮች ጎን ለጎን ቆሙ። ቢጫ ላይ ሁለቱ አብረው ከታዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሌድ ክሮሜት፣ ማለትም እርሳስና ክሮምየም ያለበት ቢጫ ቀለም ነው። ላብራቶሪ ልከን በአሲድ ተሟሙቶ አይሲፒ (ICP) በሚባለው የላብራቶሪ መለኪያ ሲለካም እርሳሱ ተረጋገጠ። ቀለሙን መለስነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አይታወቅም ይላል። ሕፃን በሚበላበት ሳህን ላይ ዋጋ አልከራከርም።

ሙቀቱ ግን ይፈትነዋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ስር እኩለ ቀን ላይ ሲሠራ መስመሮቹ ከቦታቸው ትንሽ ይንሸራተታሉ። ስለዚህ ጠዋትም ከሰዓትም በታወቀ ናሙና እንፈትሸዋለን። አቧራውም አያስቀምጥም፤ የፊቱ መስታወት በየጊዜው በአልኮል መጠረግ አለበት። የሌዘር መነጽር ሳያደርግ ማንም አይነካውም፤ ዓይን ምትክ የለውም።

የከፋኝ ነገር ሌላ ነው። መሣሪያው የመጣው የብረት ዕቃ ለመመርመር ተስተካክሎ ነው። ሻጩ ስለ ፕላስቲክ ስንጠይቀው «ይሠራል» ብሎ አለፈው። እርሳሱ እኩል ቢሆንም ጥቁሩና ነጩ ፕላስቲክ ሌዘሩን የሚቀበሉት ለየቅል ነው፣ ንባቡም ይለያያል። ለየቀለሙ የእርሳስ መጠኑ የታወቀ ናሙና እስክናገኝ ድረስ ቁጥሩን ማመን አልተቻለም። የአውሮፓ የማሸጊያ ሕግ የእርሳስ፣ የካድሚየም፣ የሜርኩሪና የክሮምየም 6 (መርዛማው የክሮምየም ዓይነት) ድምር በኪሎ ከ100 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል። እዚያ አካባቢ ስንደርስ በሊብስ ብቻ አንፈርድም፤ ላብራቶሪ እንልካለን። መሣሪያው ክሮምየም 6ን ከክሮምየም 3 አይለይም። «አልታየም» ማለትም «የለም» ማለት አይደለም።

ደግሞ መርዛማው ብረት ፕላስቲኩ ውስጥ መኖሩን ያሳያል እንጂ ትኩስ ሻይ ወይም የሎሚ ጭማቂ ሲገባበት ምን ያህል እንደሚወጣ አይነግርም። ለዚያ ዕቃውን በ3 በመቶ አሴቲክ አሲድ ዘፍዝፎ ፈሳሹን መለካት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ልግዛው ወይ ለሚለኝ፦ የምትፈልገው እርሳስና ካድሚየም ብቻ ከሆነ፣ የጨረር ፈቃዱንም የምትችለው ከሆነ፣ በኤክስሬይ የሚሠራው መሣሪያ ዝቅተኛ መጠን በተሻለ ያያል። ሊብስ ኤክስሬይ የለበትም፣ ፈጣንም ነው፤ ብዙ ጆንያ ለሚያበጥር ሰው ይመቻል። ብቻ ገንዘቡን ሳትከፍል በፊት የራስህን ፕላስቲክ ይዘህ ሂድና ፊትህ ይሞክሩልህ።