ቅቤ ወደ ውጭ ስትልኩ፦ የኮሚሽን ወኪል ወይስ ገዝቶ የሚልክ ነጋዴ?

ቅቤውን ለዱባይ ገበያ ላሰበ ማኅበር መንገዱ ሁለት ነው። ገዝቶ የሚልክ ነጋዴ ዋጋ ቆርጦ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ዕቃውን ከመጋዘናችሁ ይረከባል። ከዚያ ወዲያ መኪናው ጅቡቲ መንገድ ላይ ቢበላሽ ጣጣው የእሱ ነው። ትርፉም የእሱ ነው።

የኮሚሽን ወኪል ግን ዕቃውን አይገዛም፤ ሸጦላችሁ ከሽያጩ መቶኛ ይወስዳል። የተሻለ ዋጋ ልታገኙ ትችላላችሁ፣ ኪሳራው ግን የእናንተ ነው። ስለዚህ እዚህ ጋ ጥያቄ አብዙ። «ያለፈውን ጭነት የሙቀት መዝገብ አሳየን» በሉት። ቅዝቃዜው ከ-18 ዲግሪ እንዳልራቀ በየሰዓቱ የሚያሳይ ወረቀት ካወጣ ጥሩ፤ «ማቀዝቀዣው ደህና ነበር» ብቻ ካለ ተነስታችሁ ሂዱ። ቀልጦ እንደገና የረጋ ቅቤ ካርቶኑ ሲከፈት ያስታውቃል፤ ቅርጹ ተዛብቶ፣ ዘይቱ ወረቀቱን አርሶት ይገኛል። ገዢ ይህን አይቶ ሙሉ ዋጋ አይከፍልም።

ኤልሲው (ገዢው በባንኩ በኩል የሚያስከፍተው የክፍያ ዋስትና) በማን ስም እንደሚከፈትም በውሉ ይጻፍ። በወኪሉ ስም ከሆነ ገንዘቡ መጀመሪያ የሚገባው እሱ እጅ ነው።

ለጀማሪ ማኅበር እኔ ነጋዴውን እመርጣለሁ። የገበሬው የወተት ገንዘብ በየአሥራ አምስት ቀኑ መከፈል አለበት፤ ልጆች የሚማሩበት ገንዘብ ነው፣ ዱባይ ያለ ገዢ እስኪከፍል አይጠብቅም።