ምጥን ቤት መጠበቅ ወይስ እናቶች ማቆያ መግባት?

ጤና ጣቢያ የሚርቃት ነፍሰ ጡር ዘጠነኛ ወሯ ሲገባ ይህ ጥያቄ አይቀርላትም። (ማቆያ ማለት ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪመጣ የሚቆዩበት፣ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አጠገብ ያለ ቤት ነው።)

ወጪ፦ ቤት መጠበቅ ርካሽ ይመስላል። ግን ሳሙና፣ ያልተከፈተ ምላጭ፣ የእትብት ማሰሪያ ክር፣ ጓንት፣ ላስቲክና ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ ጨርቅ በአንድ ከረጢት ተዘጋጅተው መቀመጥ አለባቸው። በእኩለ ሌሊት ምላጭ ፍለጋ አይኬድም። የመኪና ገንዘብም አለ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ በነጻ ነው፤ ለማቆያው ስንቅና ልብስ ግን ብዙ ጊዜ ከቤት ይመጣል።

ምቾት፦ ቤት ያሸንፋል። እናት አጠገብ ናት፣ ገንፎውም ቅርብ ነው። ማቆያ የገባችዋ ግን ሐሳቧ ቤት ነው፤ ልጆቹንና ከብቱን ማን ይያዝላት?

አደጋ፦ እዚህ ላይ አልወላውልም። ምላጭና ሳሙና ኢንፌክሽን ይከላከላሉ እንጂ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም አያቆሙም። (እትብት ላይ ቅቤ መቀባቱም ይቅር።) ከማቆያው አዋላጇ ጋር ለመድረስ ጥቂት እርምጃ ነው።

ለማን? ክረምት መንገድ የሚዘጋባት ማቆያ ትግባ። መንታ ያረገዘች ወይም በኦፕራሲዮን የወለደች ደግሞ ሆስፒታል አጠገብ ያለውን ትምረጥ። ጤና ጣቢያው ሰፈሯ የሆነ፣ መኪናም ሲደወል የሚደርስላት ቤቷ ትጠብቅ፤ ምጡ ሲጀምር ግን ትነሳ። ከረጢቱንም ትያዝ፤ መንገድ ላይ መውለድም አለ።