በማግኔት የሚዞር የአሲድ ፓምፕ ከወራት ሥራ በኋላ፦ አያንጠባጥብም፣ ጥም ግን አይችልም

ፓምፑ በማግኔት የሚዞር ሴንትሪፉጋል ነው፤ ኢምፔለር የሚባለው ባለ ክንፍ መሽከርከሪያው ፈሳሹን ወደ ውጭ እየወረወረ ይገፋል። ሥራው 32 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከማከማቻ ታንከር ወደ መበጥበጫ ጋን መግፋት ነው፤ በሰዓት 10 ሜትር ኩብ፣ ወደ 18 ሜትር ከፍታ። አካሉ በመስታወት ክር የተጠናከረ ፖሊፕሮፒሊን፣ ኦሪንጎቹ (የማሸጊያ ቀለበቶቹ) ቫይተን የሚባል ጎማ፣ ሻፍቱ (ዘንጉ) እና ቡሽንጉ (ዘንጉ ላይ የሚፋተገው ቀለበት) ሲሊከን ካርባይድ የሚባል ጠንካራ ሴራሚክ፣ ሞተሩ 2.2 ኪሎዋት። ፈሳሽ እስካገኘ ድረስ የተባለውን ያህል ይገፋል፣ ድምፁም ለስላሳ ነው። ስለ መልካም ቀኖቹ ከዚህ በላይ የምለው የለም፤ ብዕር ያስነሳኝ ቡሽንጉ ነው።

ፓምፑ ሲፈታ የታየው ይህ ነው። መስታወት መስሎ የሚያበራው ጥቁር የቡሽንግ ቀለበት ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል። ዙሪያውን የያዘው ፕላስቲክ ቀልጦ ሸሽቷል፤ ቀለበቱ መቀመጫው ላይ ላልቶ በጣት ሲነኩት ይወዛወዛል። ኢምፔለሩ ሚዛኑን ስቶ የፊት ክዳኑን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ፍቆታል። የኋላ ክዳኑ ግን ደህና ነው፤ አንድ ጠብታ አሲድ ወደ ውጭ አልወጣም። ንዴቴም ምስጋናዬም ከዚሁ ይነሳል።

በሜካኒካል ሲል (በዘንግ ማሸጊያ) የሚሠራ ፓምፕ ላይ ሻፍቱ የፓምፑን አካል አልፎ ይወጣል። ቀዳዳውን የሚዘጉት እርስ በርስ የሚፋተጉ ሁለት ለስላሳ ፊቶች ናቸው፤ ፊቶቹ ያለቁ ዕለት አሲዱ ወለል ላይ ነው። የማግኔቱ ዓይነት ቀዳዳው ራሱ የለውም። ሞተሩ የውጪውን ማግኔት ያዞራል፣ እሱ በኋላ ክዳኑ ግድግዳ በኩል የውስጡን ይጎትታል፣ የውስጡ ደግሞ ከኢምፔለሩ ጋር አንድ ቁራጭ ነው። ስለዚህ ውስጥ የሚዞረው ሁሉ አሲድ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚኖረው፤ ግሪስ አይደርሰው፣ ዘይት አይደርሰው። ቡሽንጉን የሚያለሰልሰውም የሚያቀዘቅዘውም የሚገፋው አሲድ ነው።

አሲዱ ሲቋረጥ ሲሊከን ካርባይድ በሲሊከን ካርባይድ ላይ በደቂቃ 2900 ዙር ገደማ ደረቁን ይፋተጋል። ፖሊፕሮፒሊን ሙቀት የማያሳልፍ ነገር ስለሆነ የተወለደው ሙቀት እዚያው ይከማቻል። ፕላስቲኩ 165 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ሳይቀልጥም ገና ከ100 ሳያልፍ ቀለበቱን አጥብቆ የመያዝ አቅሙን ያጣል። መጨረሻውን የሚያመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው ፈሳሽ ነው። አንድ ሰው ቫልቩን ከፍቶ «ይኸው ተስተካከለ» ሲል ቀዝቃዛ አሲድ በጋለ ሴራሚክ ላይ ይፈሳል፣ ቀለበቱም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ደረቁን ሲጮህ የተሰማ ፓምፕ ወዲያው አሲድ አይለቀቅበትም። ሞተሩ ይጠፋል፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ነው መምጠጫው የሚከፈተው።

አሁን ወደ ብሮሹሩ። «ጥገና አይፈልግም» ይላል። ጎሽ! ሲል ስለሌለው የሲል ጥገና አይፈልግም፤ እዚህ ድረስ እስማማለሁ። ግን ሻጭ ይህን ቃል ሲናገር ገዢው የሚሰማው «እንደ ውኃ ፓምፕ አብራውና እርሳው» የሚለውን ነው። የውኃ ፓምፕ ለአፍታ ቢደርቅ ይተርፋል። ይሄኛው በሲሊከን ካርባይድ ቡሽንግ ከመጣ ለአንድ ደቂቃም ዋስትና የለውም። «ታዲያ ደረቅ የሚችለውን ለምን አልመረጣችሁም?» ይሉኛል። መልካም፣ እሱንም እንየው።

ደረቅ የሚችለው የተባለው የካርቦን ቡሽንግ ያለው ነው። ካርቦን ራሱን በራሱ ያለሰልሳል፤ ፈሳሽ ቢቋረጥበት ለጥቂት ጊዜ ይታገሣል። ለንጹሕ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጥሩ ምርጫ ነው። ነገር ግን አሲዱ ደለል ወይም የብረት ቅርፊት ከያዘ ካርቦኑ ቶሎ ይበላል። ብረት በሚታጠብበት አሲድ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ የሚረግፈው ጥቁር ቅርፊት ማግኔት ይስበዋል፤ የውስጡ ማግኔት ላይ ተሰብስቦ የኋላ ክዳኑን ከውስጥ እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። ናይትሪክ አሲድ ወይም በረኪና የሚገፋ ሰው ካርቦንን ጨርሶ አያስበው፤ ኦክስጅን የሚሰጡ ፈሳሾች ያበላሹታል። ሲሊከን ካርባይዱን በአልማዝ መሰል ካርቦን የለበጡም አሉ፤ እነሱ ደቂቃዎችን ይገዛሉ እንጂ ፈረቃ ሙሉ አያድሩም። ስለዚህ ቁሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ይህን ፓምፕ ያለ መጠበቂያ መሸጥ እንደ ተራ ነገር መቆጠሩ ላይ ነው።

ድርቀቱ የሚመጣው ሁሌም ታንከሩ ባዶ ሆኖ አይደለም። ታንከሩ ሊያልቅ ሲል መውጫው አፍ ላይ አዙሪት ይፈጠራል፤ አየር ከአሲዱ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፣ የኢምፔለሩ መሃል ላይ ይከማቻል፣ ገና ፈሳሽ እያለ ፓምፑ ይደርቃል። መድኃኒቱ ግማሹ ቧንቧው ላይ ነው። ለ10 ሜትር ኩብ በሰዓት የ50 ሚሊሜትር መምጠጫ ብትሰጡት ፍጥነቱ በሰከንድ 1.4 ሜትር ይሆናል፣ በዛ። በ80 ሚሊሜትር ወደ 0.55 ይወርዳል፤ አዙሪቱም ይዘገያል። ቧንቧው አጭር፣ ከታንከሩ ወደ ፓምፑ ሳያቋርጥ የሚወርድ፣ መሃል ላይ አየር የሚያቁር ጉብታ የሌለው ይሁን። ቀጥ ያለው ክፍል ከፓምፑ አፍ በፊት ቢያንስ የቧንቧውን ስፋት አምስት እጥፍ ይርዘም፤ ክርኑን ፓምፑ አፍ ላይ የሚገጥም ሰው ችግር እየገዛ ነው።

ሌላው ተኑ ነው። ይህን ብሮሹሩ አንድ መስመርም አልሰጠውም። በ20 ዲግሪ የ32 በመቶው አሲድ የተን ግፊት 3.1 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ 36 በመቶው 14 ይደርሳል፣ 38 በመቶው 28። በፈሳሹ ከፍታ ሲሰላ ከ32 ወደ 36 መሄድ ብቻ መምጠጫው ላይ አንድ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይበላል። ስለዚህ «አሲድ አሲድ ነው» ብሎ ጠንካራውን በዚያው መስመር የሚያስገባ ሰው፣ በተለይም በሙቀት ሰዓት፣ ፓምፑ ውስጥ ጋዝ እየፈላበት ቡሽንጉን ያደርቀዋል። ፓምፑ ከታንከሩ በታች ይቀመጥ፤ ከላይ ሆኖ መምጠጥ ለዚህ ፈሳሽ አይሆንም።

የተዘጋ መግፊያም አደጋው አይተናነስም። ቫልቩ ተዘግቶ ፓምፑ ቢዞር፣ 0.6 ኪሎዋት የሚያህል ኃይል ሁለት ሊትር ለማይሞላ አሲድ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይገባል፤ በደቂቃ ስድስት ሰባት ዲግሪ ማለት ነው። 32 በመቶው አሲድ 84 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከ25 ዲግሪ ቢነሳ ፈልቶ ተን ለመሆን 10 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፣ ከዚያ በኋላ ያው ድርቀት ነው።

ዋናው መፍትሔ ሞተሩ የሚወስደውን ኃይል በኪሎዋት የሚለካ መቆጣጠሪያ ነው። ሻጮች እዚህ ላይ «ኦቨርሎድ አለው እኮ» ይላሉ። ኦቨርሎድ የሚያጠፋው ጭነት ሲበዛ ነው፤ የደረቀ ፓምፕ ጭነቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። በአምፔር መጠበቅም አያዋጣም። ባዶውን የሚዞር ሞተር ማግኔቱን ለመፍጠር ብቻ ብዙ አምፔር ይወስዳል፤ ኃይሉ ወደ አንድ ስድስተኛ ሲወርድ አምፔሩ የሚቀንሰው በሲሶ ያህል ነው። በዚህች ልዩነት ላይ የሚቆም መጠበቂያ ወይ ያለ ምክንያት ያጠፋል፣ ወይ ጊዜው ካለፈ ያጠፋል።

በዚህ ፓምፕ ላይ ንባቡ እንዲህ ነው፦ በመደበኛ ሥራ 1.5 ኪሎዋት አካባቢ፣ በሰዓት 2 ሜትር ኩብ ብቻ ሲፈስ 0.95፣ መግፊያው ሲዘጋ 0.8፣ ሲደርቅ 0.25። የደረቁ ንባብ የተወሰደው የውጪው ማግኔት ብቻ ሲዞር ነው፣ ፓምፑን አድርቆ መሞከር አያስፈልግም። ብዙ ሰው ዝቅተኛውን ገደብ 0.5 ላይ አድርጎ ይተኛል። ከድርቀት ይጠብቃል፣ ከተዘጋ ቫልቭ ግን አይጠብቅም። ገደቡ 0.9 ላይ ሲሆን ሁለቱንም ይይዛል፤ የመዘግየቱ ጊዜ 3 ሰከንድ፣ ሲነሳ ደግሞ ለ5 ሰከንድ ዝም እንዲል ይደረጋል። የተዘጋውን ንባብ ለመውሰድ ቫልቩን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ መዝጋት ይበቃል። ላይኛውም ገደብ ይቀመጥ፣ 2.0 ላይ፤ የሚፋቅ ኢምፔለር ቀድሞ የሚታወቀው እዚያ ነው። ሞተሩ በኢንቨርተር (በሞተር ፍጥነት መቀያየሪያ) የሚነዳ ከሆነ ይህ ተግባር በአብዛኞቹ ውስጥ አለ፣ ማብራት ብቻ ነው። የፍጥነቱ መጠን የሚቀያየር ከሆነ ግን አንድ ቋሚ ቁጥር አይሠራም፤ ገደቡ ከፍጥነቱ ጋር መውረድ አለበት።

ተንሳፋፊ ስዊች ታንከሩ ላይ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ግን ስዊቹ የተዘጋ የመምጠጫ ቫልቭ፣ የታፈነ ማጣሪያ፣ አየር የሚያስገባ ጋስኬት አያይም። ማግኔቶቹ እርስ በርስ መያያዛቸውን ሲለቁም አያይም። በዚያን ጊዜ ሞተሩ በደስታ ይዞራል፣ ፈሳሹ ቆሟል፤ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቆሞ እንደገና ካልተነሳ ማግኔቶቹ አይያያዙም። የኃይል መቆጣጠሪያው ይህንንም ይይዘዋል።

በነገራችን ላይ፣ ይህንኑ ፓምፕ ለሌላ ፈሳሽ ማዋል የሚፈልግ ይቁም። 98 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ እፍጋቱ 1.84 ነው፤ ለውኃ 1.2 ኪሎዋት የሚበቃው ፓምፕ ለእሱ 2.2 ይፈልጋል፣ ማግኔቱም ይለቃል። ፖሊፕሮፒሊኑም አይችለውም፣ ወደ ፒቪዲኤፍ ፕላስቲክ መሄድ ነው። ፒቪዲኤፍ ደግሞ ለጠንካራ ኮስቲክ ሶዳ አይሆንም፣ ይሰነጠቃል። ለኮስቲክ ቫይተኑ በኢፒዲኤም ጎማ ይተካ፤ ሲሊከን ካርባይዱም ነጻ ሲሊከን የሌለበት ዓይነት ይሁን፣ ያለዚያ ኮስቲኩ ሲሊከኑን እየለቀመ ያወጣዋል። «ለሁሉም ኬሚካል» የሚል ፓምፕ አላየሁም፣ የሚል ሻጭ ግን ሞልቷል።

እንደገና ብገዛ ይህንኑ እገዛለሁ። የተሰበረ ቡሽንግ የመለዋወጫ ወጪ ነው፤ ያፈሰሰ ሲል ግን የሰው ዓይን ነው። የኃይል መቆጣጠሪያው ግን ከፓምፑ ጋር በአንድ የዋጋ ማቅረቢያ ላይ ካልመጣ አልፈርምም።

አንድ ይቅር የማልለው ነገር ቀረ፣ የማፍሰሻ ቡሽ። «ተጨማሪ» ተብሎ በተለይ ካልታዘዘ አካሉ ላይ አይበሳም። ያለ እሱ ፓምፑን የሚፈታ ሰው ቡሎኖቹን ሲያላላ ከአንድ ሊትር በላይ አሲድ እጁ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ቡሹ ታዝዞ ካልመጣ፣ መምጠጫውና መግፊያው ላይ ከቫልቮቹ ወዲህ የማጠቢያ መስመር ይገጠም፤ ሃይድሮክሎሪኩ የሚወጣው ውኃ እስኪጠራ ይታጠባል፣ ከዚያ ይፈታል። ሰልፈሪክ የሚገፋ ፓምፕ ላይ ግን መጀመሪያ አሲዱ ሙሉ በሙሉ ይፈስሳል፤ በቀረ 98 በመቶ ላይ ጥቂት ውኃ መጨመር ፓምፑ ውስጥ ማፍላት ነው። ሲገጠም የኋላ ክዳኑ ኦሪንግ አዲስ ይሁን፣ ቡሎኖቹም በመስቀል ተራ፣ በአምራቹ ልክ፣ በቶርክ ሬንች ይጠበቁ። ፕላስቲክ ፍላንጅ ከመጠን በላይ ሲጠበቅ ወዲያው አይሰበርም፣ አሲድ ከተሞላ በኋላ ነው የሚሰነጠቀው።